ግጥም ያልደረሰበት ድል

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው ሥዕል አንድ ነው፤ ጭቃ የዋጠው ምሽግ፣ የሽቦ አጥር፣ የመርዝ ጋዝ ጉም፣ ፊሽካ ሲነፋ ከጉድጓድ ወጥቶ በመትረየስ የሚታጨድ ወጣት። ይህን ሥዕል የሳሉልን ከታሪክ ጸሐፊዎች ይልቅ ገጣሚዎችና የልቦለድ ደራሲዎች ናቸው። እኔም ያን ጦርነት የተዋወቅሁት በእነርሱ በኩል ነው፤ የጄኔራሎቹን ስም ሳላውቅ የገጣሚዎቹን ስም አውቅ ነበር። ሥዕላቸው እውነት ነው። ሆኖም አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ መጨረሻ። ያ ጦርነት እንዴት አለቀ ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን «ኖቬምበር 11 ቀን 1918 ተኩስ ቆመ» ከማለት የማናልፍ ይመስለኛል። አራት ዓመት ጭቃ ውስጥ ተፋጥጦ የኖረ ሠራዊት ግን አንድ ቀን ጠዋት ከእንቅልፉ ነቅቶ አይታረቅም። አንዱ አሸንፎ ሌላው ተሸንፎ ነው። ስለዚያ ማሸነፍ ሥነ ጽሑፉ ዝም ይላል። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለዚህ ዝምታ ነው። (ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ ሰዓቱን ግን በእኛው።)

የታሪክ ሰዎች «የመቶ ቀን ማጥቃት» የሚል ስም ሰጥተውታል። ከኦገስት 8 ቀን 1918 እስከ ኖቬምበር 11 የተካሄደው ተከታታይ ውጊያ ነው። አንባቢ ቢቈጥር ዘጠና ስድስት ቀን ያገኛል፤ መቶው ከናፖሊዮን የ1815 «መቶ ቀናት» የተወረሰ ጌጥ ነው። በእነዚህ ቀኖች ውስጥ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የቤልጂግ ሠራዊት ከእነ ካናዳና አውስትራሊያ ጋር ሆኖ፣ በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚፈራውን የጀርመን ጦር ከሰሜን ፈረንሳይ ነቅሎ ወደ ድንበሩ ገፋው። ድሉ ርካሽ አልነበረም። የቃል ኪዳኑ ወገን ብቻውን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሙትና ቁስለኛ ቈጥሯል። የእንግሊዝ ሠራዊት ኪሳራ በቀን ሲሰላ፣ ስሙ ከእልቂት ጋር ተያይዞ ከቀረው ከ1916ቱ የሶም ውጊያ ይበልጥ ነበር። ሶምን የማያውቅ የለም። ይህን ማን ያውቀዋል?

መነሻውን ባጭሩ ልንገር። ማርች 1918 ላይ ሩሲያ በብሬስት ሊቶቭስክ ውል ከጦርነቱ ወጣች። ጀርመንም በምሥራቅ የነበረውን ጦሯን ወደ ምዕራብ አዙራ፣ አሜሪካኖች በብዛት ሳይደርሱ ነገሩን ለመጨረስ ማርች 21 ቀን ታላቅ ማጥቃት ጀመረች። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌሎች በዓመታት ያልያዙትን መሬት ያዘች። በዚያው ድንጋጤ ቃል ኪዳነኞቹ ለሦስት ዓመት ተኩል ያቃታቸውን ነገር አደረጉ፤ አዝማችነቱን ለአንድ ሰው፣ ለፈረንሳዊው ፌርዲናንድ ፎሽ ሰጡ። ጀርመኖቹ ሲገሰግሱ ምርጥ ምርጡን ወታደራቸውን አለቁ። ጁላይ 18 ቀን ፈረንሳዮች በማርን ወንዝ አጠገብ መልሰው ሲመቷቸው ግስጋሴው አበቃ፤ ተራው ዞረ።

ኦገስት 8 ቀን፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ቦታው ከአሚያን ከተማ በስተምሥራቅ፣ በሶም ወንዝ ዳርና ዳር የተዘረጋ ሜዳማ የእህል አገር ነው። ምድሩን ጉም ሸፍኖታል። በ1916 እንግሊዞች በሶም ሲያጠቁ አስቀድመው ሰባት ቀን ሙሉ በመድፍ ደብድበው ነበር፤ ያ ድብደባ ለጠላት «መጣንልህ» ብሎ ደብዳቤ ከመላክ አይተናነስም። አሁን ግን አንዲት የማስጠንቀቂያ ጥይት አልተተኰሰችም። ወደ 2,000 የሚጠጉ መድፎች በአንድ ቅጽበት አጓሩ፤ ከ400 በላይ ታንኮችም ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። መድፈኞቹ አስቀድመው ሳይተኵሱ እንዴት ዒላማቸውን መቱ? መልሱ ሒሳብ ነው። የጠላት መድፍ ሲተኵስ ብልጭታውን ከተለያየ ቦታ በመለካት፣ ድምፁንም በማይክሮፎኖች ተከትሎ በማስላት፣ በዚያ ግንባር ከነበሩት 530 ያህል የጀርመን መድፎች 500 ያህሉ የት እንደ ተደበቁ በካርታ ላይ ተመልክቶ ነበር። ገና በመጀመሪያው ሰዓት አብዛኞቹ ጸጥ አሉ።

ምስጢሩ የተጠበቀበት መንገድም ራሱን የቻለ ልቦለድ ነው። ካናዳውያን የታዩበት ግንባር ሁሉ ጥቃት እንደሚከተል ጀርመኖች ያውቁ ነበርና፣ ሁለት የካናዳ ሻለቆች ወደ ሰሜን፣ ወደ ፍላንደርስ ተልከው በሬዲዮ እንዲያወሩ ተደረገ። ዋናው የካናዳ ኮር ግን በሌሊት ወደ አሚያን ተጓዘ። በወታደሮቹ የደመወዝ ደብተር ላይ አፋቸውን እንዲዘጉ የሚያዝ ወረቀት ተለጠፈ። ታንኮቹ ወደ ግንባር ሲጠጉ የሞተራቸው ድምፅ እንዳይሰማ አውሮፕላኖች ከላይ እያጓሩ ይዞሩ ነበር። የአውስትራሊያውን ኮር የመራው ጆን ሞናሽ በሰላም ጊዜ ሙያው ድልድይና ኮንክሪት የሆነ መሐንዲስ ነበር። ኋላ በጻፈው መጽሐፍ የዘመናዊ ውጊያን ዕቅድ ከኦርኬስትራ ድርሰት ጋር ያመሳስለዋል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚገባበትን ቅጽበት የሚያውቅበት ድርሰት። ንጽጽሩ ሲያስደስተኝ ወዲያው ይሰቀጥጠኛል። ከዚያ ኦርኬስትራ ፊት ለፊት የተቀመጠው አድማጭ ማን እንደ ነበረ እናውቃለንና።

ምሽት ላይ ካናዳውያኑ እስከ 13 ኪሎ ሜትር ድረስ ገብተው ነበር። በዚያ ጦርነት አንድ ኪሎ ሜትር መሬት የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት የሚከፈልበት ስለ ነበር፣ ዜናውን የሰሙ ሰዎች ለማመን ተቸግረዋል። ጀርመኖች በአንድ ቀን ወደ 27,000 ሰው አጡ። የሚያስገርመው ግን ቍጥሩ ሳይሆን ዓይነቱ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ እጁን የሰጠ ነበር። የጀርመን ጦር አድራጊ ፈጣሪ የነበረው ጄኔራል ኤሪክ ሉደንዶርፍ ቀኑን ለጀርመን ሠራዊት ጥቁር ቀን ሲል ጠራው። ልቡን የሰበረውም የመሬቱ መጥፋት አልነበረም። በማስታወሻው እንደሚተርከው፣ ከግንባር የሚመለሱት ወታደሮች ለእርዳታ ወደ ፊት የሚሄዱትን ጓዶቻቸውን አድማ እንደሚሰብር ሠራተኛ ቈጥረው ይሰድቧቸው ነበር። ጦርነቱን ሥራ፣ ሽሽቱን አድማ ያደረገ ወታደር ከእንግዲህ ምን ይደረጋል?

ከዚህ በኋላ የሆነውን እኔ ከመጀመሪያው ቀን ድል አስበልጬ አየዋለሁ። በማግሥቱ ለውጊያ ብቁ የነበሩት ታንኮች 145 ብቻ ነበሩ፤ በአምስተኛው ቀን ስድስት ቀሩ። የቀሩት ወይ ተመትተዋል ወይ ተበላሽተዋል፤ በውስጣቸው የነበሩት ሰዎች በሙቀትና በጭስ ተዝለፍልፈዋል። በቀደሙት ዓመታት ቢሆን ጄኔራሎቹ «ትንሽ ብቻ» እያሉ ለሦስት ወር ሰው ይማግዱ ነበር። የካናዳው አዝማች አርተር ከሪ ግን መቀጠሉ ዋጋ እንደሌለው ተከራከረ፤ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ዳግላስ ሄይግም ሰማ፤ ለፎሽም ይህንኑ ነገረ። ውጊያው እዚያ ቆመና ኦገስት 21 ቀን በሌላ ቦታ፣ በአልቤር በኩል ተጀመረ። ከዚያ በአራስ፣ ከዚያ በሌላ። ጀርመኖች ተጠባባቂ ጦራቸውን ወደ አንዱ ሲያሯሩጡ ሌላው ይመታል። አንድ ታላቅ ውጊያ አልነበረም፤ ለዚህም ነው አንድ ታላቅ ስም የሌለው። ዝምታው ከዚህ የጀመረ ይመስለኛል፤ ለመዝፈንም ለማልቀስም መጀመሪያ ስም ያስፈልጋል።

የሴፕቴምበር መጨረሻ ከሁሉም የከበደው ሳምንት ነው። በ26 አሜሪካኖችና ፈረንሳዮች በመዝ ወንዝና በአርጎን ደን መካከል፣ በ27 እንግሊዞችና ካናዳውያን በካምብሬ አቅጣጫ፣ በ28 ቤልጂጎች በንጉሣቸው በአልበርት እየተመሩ ከእንግሊዞች ጋር በፍላንደርስ፣ በ29 ደግሞ እንግሊዞች፣ አውስትራሊያውያንና አሜሪካኖች በሴንት ኬንተን ቦይ ላይ ተነሡ። በዚህ በመጨረሻው ጥቃት ዋዜማ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የእንግሊዝ መድፎች ወደ 945,000 ጥይት ተኩሰዋል። አንድ የእንግሊዝ ክፍለ ጦር የባሕር መርከብ መንገደኞች የሚያጠልቁትን የመንሳፈፊያ ቀበቶ ታጥቆ ቦዩን ተሻገረና፣ አይደፈርም የተባለውን የሂንደንቡርግ መስመር ሰበረው። በዚያው ቀን ቡልጋሪያ እጇን ሰጠች። በዚያው ቀን ሉደንዶርፍና ሂንደንቡርግ ስፓ በተባለችው የቤልጂግ ከተማ ለቄሣራቸው ነገሩት፤ ተኩስ ይቁምልን፣ ሳይዘገይ።

አርጎን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሌሎቹ ግንባሮች ሁሉ ልቤን የሚስበው እርሱ ነው። በዚያ ደንና ገደል ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ በላይ አሜሪካኖች ተሰልፈው በ47 ቀን ውስጥ ከ26,000 በላዩ ሞቱ። በዚያው አጠቃላይ ዘመቻ፣ ከደኑ በስተምዕራብ፣ በፈረንሳይ ጦር ሥር የተሰለፉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። የገዛ አገራቸው ሠራዊት ከነጭ ወታደር ጋር ሊያሰልፋቸው ስላልፈለገ ለፈረንሳዮች አሳልፎ ሰጥቷቸዋል። ከእነርሱ አንዱ የኒው ዮርኩ 369ኛ ሬጅመንት ነው፤ የሃርለም ልጆች። ሴሾ የተባለችውን መንደር ሴፕቴምበር 29 ቀን በመያዛቸው ሬጅመንቱ በሙሉ የፈረንሳይን የጦር ሜዳ ኒሻን አገኘ። ሆራስ ፒፒን የሚባል ወታደር በዚያ ውጊያ ቀኝ ትከሻውን በጥይት ተመታ። አገሩ ከገባ በኋላ ሽባ የሆነውን ቀኝ እጁን በግራው እየደገፈ ሥዕል መሳል ተማረ። ስለ ጦርነቱ ፍጻሜ የሳላትን አንዲት ሥዕል ለመጨረስ ሦስት ዓመት ያህል ፈጅቶበታል፤ ቀለም በቀለም ላይ እየደረበ፣ የሥዕሏን ክፈፍም በእንጨት በተቀረጹ ቦምቦች፣ ታንኮችና ጠመንጃዎች እየከበበ። የመቶው ቀን ሥነ ጥበብ የታለ ለሚለኝ በመጀመሪያ የማሳየው ይህን የአንድ እጅ ሥራ ነው። ፍሬዲ ስቶወርስ የተባለው የ371ኛ ሬጅመንት አሥር አለቃ ደግሞ ሴፕቴምበር 28 ቀን ጓዶቹን እየመራ ሞተ፤ አገሩ ከፍተኛውን የጀግና ሜዳይ የሰጠችው በ1991 ነው፤ ከሰባ ሦስት ዓመት በኋላ።

በዚያው ሰሞን ሌላ ጠላት በሁለቱም ሠራዊት መካከል ይመላለስ ነበር፤ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ። ይህ በሽታ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ጦርነቱ በቆመበት በዚያው ወር አዲስ አበባ ገብቶ «የኅዳር በሽታ» የሚል ስም አትርፏል፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን ስናጥን የምናስበው እርሱን ነው። የፈረንሳዩ ታላቅ ገጣሚ ጊዮም አፖሊኔር በ1916 በጦር ሜዳ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከተረፈ በኋላ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1918 በፓሪስ በዚህ በሽታ ሞተ። በሞቱ ሰሞን ሕዝቡ ከመስኮቱ ሥር «ጊዮም ይውደም!» እያለ ይጮህ ነበር ይባላል። የሚያወግዙት የጀርመኑን ቄሣር ዊልሄልምን ነው፤ በፈረንሳይኛ ስማቸው አንድ ነው።

እንግዲህ ገጣሚዎቹና ደራሲዎቹ የት ነበሩ? አንድ በአንድ ብንፈልጋቸው አብዛኞቹ ከሜዳው ወጥተዋል። አይዛክ ሮዘንበርግ ኤፕሪል 1 ቀን ተገድሏል። ሲግፍሪድ ሳሱን ጁላይ 13 ቀን ከገዛ ወገኑ በተተኰሰ ጥይት ጭንቅላቱን ቆስሎ ወደ እንግሊዝ ተመልሷል። አሜሪካዊው ጆይስ ኪልመር ጁላይ 30 ቀን ሞቷል። ኤሪክ ማሪያ ሬማርክ ከ1917 ክረምት ጀምሮ ቍስለኛ ነው፤ የልቦለዱ ባለታሪክ ኦክቶበር 1918 ላይ ቢሞትም ደራሲው ያን ወር ከግንባር አላየውም። ጀርመናዊው ኤርነስት ዩንገር ደርሶበታል፤ እርሱም ኦገስት 25 ቀን ደረቱን ተመትቶ ወጣ።

የሰው አለመኖር ብቻውን ግን ምክንያት አይሆንም። ምሽግ ጊዜ ይሰጣል። ወታደሩ ለሳምንታት አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ አንዲትን አይጥ፣ አንዲትን ኮከብ፣ የአንድን ሬሳ እጅ ያያል፤ ግጥምም ከእንዲህ ያለው ረጅም ማየት ይወለዳል። የሚገሰግስ ጦር ዛሬ ያደረበትን መንደር ስም ነገ አያስታውስም። ከሁሉ በላይ ግን የድል ግጥም በ1914 ተዋርዶ ነበር። ያኔ ወጣቱን ወደ እልቂት የሸኘው ስለ ክብርና ስለ ጀግንነት የተጻፈ ስንኝ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ማንም ጨዋ ብዕር ያንን ቃና ዳግመኛ ሊደፍረው አልቻለም። እኔ አልፈርድባቸውም። ግን ዝምታውም ዋጋ አስከፍሏል።

ዋጋው ይህ ነው። ተኩሱ ሲቆም የጀርመን ጦር ገና በፈረንሳይና በቤልጂግ መሬት ላይ ነበር። በርሊን ያለው ሕዝብ የጠላት ወታደር በደጁ አላየም። ዲሴምበር 1918 ላይ የአዲሲቱ ሪፐብሊክ መሪ ፍሪድሪሽ ኤበርት ከግንባር የተመለሱትን ወታደሮች ሲቀበል ጠላት አላሸነፋችሁም ብሎ አመሰገናቸው። በ1919 ደግሞ ያው ሂንደንቡርግ፣ በስፓ ተኩስ ይቁም ብሎ ከለመኑት አንዱ፣ በምርመራ ሸንጎ ፊት ቆሞ ሠራዊቱ ከጀርባው በጩቤ ተወጋ የሚለውን ወሬ አጸደቀ። እንግሊዞች ብቻ ከጁላይ አጋማሽ ወዲህ የማረኩት ወታደር 188,700 ነው፤ የወሰዱት መድፍ 2,840። ይህ ሁሉ ተረሳና ውሸቱ ቀረ። ኦክቶበር 1918 አጋማሽ ላይ በፍላንደርስ ዓይኑን ጋዝ ለብልቦት ወደ ሆስፒታል የተላከ አንድ አሥር አለቃ የሽንፈቱን ዜና በአልጋ ላይ ሰማ፤ ያንን ውሸትም ሃይማኖቱ አደረገው። ጁን 1940 ላይ ሂትለር የፈረንሳይን እጅ መስጠት የተቀበለው የ1918ቱ ውል በተፈረመበት በዚያው የባቡር ፉርጎ ውስጥ ነው። ግጥም ቢኖር ይህ ይቀር ነበር ለማለት አልደፍርም። የተደረገን ነገር ተናጋሪ ሲያጣ ያልተደረገው ተናጋሪ እንደሚያገኝ ግን አያለሁ።

የእኛም አገር ድርሻ አላት፤ በደስታ መግለጫ። በ1919 ኢትዮጵያ ለድል አድራጊዎቹ መልእክተኞች ላከች። በደጃዝማች ናደው የተመራው ቡድን አሜሪካ ድረስ ሄደ። ከአባላቱ ከንቲባ ገብሩ ደስታና የሥነ ጽሑፋችን አባት የምንላቸው ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ይገኙበታል። ኅሩይ በ1936 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ፤ በ1938 በእንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ዐረፉ። የወረረን ጣሊያን «እንኳን ደስ አላችሁ» ከተባሉት ድል አድራጊዎች አንዱ እንደ ነበረ ሳስብ፣ ያን ጉዞ በፈገግታ ማንበብ ያቅተኛል።

አሁን ወደ አንዱ ገጣሚ ልመለስ። ከመቶው ቀን ውስጥ በእግሩ የገባ፣ በውስጡም የሞተ አንድ ታላቅ ገጣሚ አለና፤ ዊልፍሬድ ኦወን። በ1917 በፈንጂ ድንጋጤ አእምሮው ታውኮ ኤዲንብራ አጠገብ ክሬግሎክሃርት በተባለ ሆስፒታል ታከመ፤ ሳሱንን ያገኘው፣ ብዕሩም የተሳለው እዚያ ነው። እንግሊዝ አገር ሊቀር ይችል ነበር። በኦገስት 1918 መጨረሻ ግን ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ የመጣው ልጆቹን ለመርዳት መሆኑን ይነግራታል፤ መኰንን ሆኖ በደንብ በመምራት፣ ሥቃያቸውንም አይቶ ስለ እነርሱ በመናገር።

ኦክቶበር 1 ቀን፣ ከሂንደንቡርግ መስመር ጀርባ ጆንኩር በተባለች መንደር አጠገብ፣ የኦወን የሻምበል አዛዥ ቆሰለና እርሱ ተተካ። ለጀግንነቱም የጦር መስቀል ኒሻን ተሸለመ። የሽልማቱ መግለጫ ኦወን የተማረከ የጠላት መትረየስ ይዞ በራሱ እጅ እየተኰሰ በጠላት ላይ ብዙ ጉዳት እንዳደረሰ ይናገራል። ከብዙ ዓመት በኋላ በታተመው የደብዳቤዎቹ መድበል ውስጥ ያው መግለጫ ሌላ መልክ ይዟል፤ ኦወን መትረየሱን ማረከ፣ ብዙ እስረኛም ያዘ ይላል። መግደሉ ወጥቶ መማረኩ ገብቷል። የርኅራኄው ገጣሚ መትረየስ ሲያንጣጣ ማየት ለወዳጆቹ ከበዳቸው። እኔ ግን ያኛውን፣ የመጀመሪያውን ኦወን እፈልገዋለሁ። ጦርነት ምን እንደሚያደርግ ከእርሱ የበለጠ የጻፈ የለም፤ ያንን እያወቀ ደግሞ ሊያሸንፍ ተዋጋ። ሁለቱን በአንድ ሰው ውስጥ ማኖር ካቃተን ያ ጦርነት ገና አልገባንም ማለት ነው።

ኦክቶበር 31 ቀን፣ ኦርስ በተባለች መንደር አጠገብ ባለ የደን ጠባቂ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ሆኖ ለእናቱ የመጨረሻ ደብዳቤውን ጻፈ። ክፍሉ በጭስ የታፈነ ነው፤ ወታደሮቹ ተጠጋግተው ይስቃሉ፤ እርሱም በመካከላቸው ደስ ብሎታል። በአራተኛው ቀን፣ ኖቬምበር 4 ንጋት ላይ፣ ጦሩ የሳምብር–ኧዋዝን ቦይ እንዲሻገር ታዘዘ። መሐንዲሶቹ ከተንሳፋፊ ነገር የተሠራ ድልድይ ሊዘረጉ ሞከሩ፤ ከማዶ መትረየስ አጨዳቸው። ጄምስ ከርክ የሚባል የዚያው ሻለቃ ወጣት መኰንን በታንኳ ላይ ሆኖ መትረየሱን እየተኰሰ ሲሸፍንላቸው ወደቀ። ኦወንም በቦዩ ዳር ሰዎቹን እያበረታታ ሳለ ተመታ። ዕድሜው 25 ነበር። በሕይወቱ ሳለ የታተሙለት ግጥሞች በአንድ እጅ ጣት የሚቈጠሩ ናቸው። በዚያ ቦታ ድልድዩ ሳይቆም ቀረ፤ ጦሩ በሌላ በኩል ተሻገረ።

የቀረው አንድ ሳምንት ነው። ኖቬምበር 11 ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ኮምፒየን ጫካ ውስጥ፣ በፎሽ የባቡር ፉርጎ ስምምነቱ ተፈረመ። ተኩሱ የሚቆመው ግን ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ እንዲሆን ተወሰነ፤ በእነርሱ አቆጣጠር 11። በመካከሉ ወደ ስድስት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ አለ፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ ብዙ ሰው ሞተ። ካናዳዊው ጆርጅ ፕራይስ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሞንስ አጠገብ ተገደለ። አሜሪካዊው ሄንሪ ጉንተር አንድ ደቂቃ ሲቀረው። ፈረንሳዊው ኦጉስቲን ትሬቡሾን ሩብ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ሞተ፤ በመቃብሩ ላይ የተጻፈው ቀን ግን ኖቬምበር 10 ነው። ሞንስ አጠገብ ባለው በሴንት ሲምፎሪየን መካነ መቃብር በ1914 መጀመሪያ የሞተው የእንግሊዝ ወታደርና በመጨረሻው ቀን የሞተው ጆርጅ ኤሊሰን ፊት ለፊት ተቀብረዋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነው።

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ በእንግሊዝ አገር በሽሩስበሪ ከተማ የቤተ ክርስቲያን ደወሎች ለድሉ ሲደወሉ፣ የኦወን ወላጆች በር ተንኳኳና ቴሌግራሙ ገባ።

ኦወን ኦርስ መንደር ውስጥ ተቀብሯል። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የሚጻፈውን የመረጠችው እናቱ ናት፤ ከልጇ ግጥም ወሰደች። በግጥሙ ውስጥ ቃሉ ጥያቄ ነው፤ ሕይወት እነዚህን ሥጋዎች ዳግመኛ ያድሳቸው ይሆን፣ ሞትን ሁሉስ ይሽረው ይሆን ብሎ ይጠይቃል፤ የሚከተለውም መልስ ተስፋ አይሰጥም። እናት ግን ስንኙን ከመካከል ቈረጠችው፤ የመጨረሻውን የጥያቄ ምልክትም ተወችው። ድንጋዩ ላይ ያለው አዎንታ ነው።